ሚዲያ መማር የምትፈልገውን ልጃችንን የት እናስገባት?

(በማህበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከትምህርት ብድር ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)



ዘንድሮ ለትምህርት ብድር ከቀረቡልን ማመልከቻዎች በአምስቱ ላይ ከዚህ በፊት አይተን የማናውቀው ነገር ተጽፏል። ሁለቱ «ብሮድካስቲንግና ዲጂታል ሚዲያ» ይላሉ። ሁለቱ «ካሜራና ኤዲቲንግ»። አንዷ ልጅ ደግሞ ዝርዝሩን ሁሉ ትታ «ጋዜጠኛ» ብላ ብቻ ፈርማ ሰጥታናለች። ባለፈው ስብሰባ ይህን ስናነብ የተባለውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። «ፎቶ ለማንሳት ነው እንዴ የምናበድረው?» ያሉ እናት ነበሩ። «ነርስ ብትሆን ምን አለበት?» ያሉም ነበሩ። ኮሚቴው አጣርቶ እንዲመጣ ተወሰነ፤ ይኸው መጥተናል።

የነርሷን ነገር በአጭሩ እንመልስና እንለፈው። እኛ በኮሚቴው ውስጥ ያለነው የሂሳብ ሰዎች በ10+3 ዘመን የተማርን ነን። ያን ጊዜ ደሴ ውስጥ ከየሰፈሩ የሚወጣው ተማሪ አካውንቲንግ ነበር የሚማረው። ቤተሰብ «አስተማማኝ ነው» ስላለ። ብዙዎቹ ጓደኞቻችን ዲፕሎማቸውን ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ዛሬ ሌላ ሥራ ይሠራሉ። ሁሉም አስተማማኝ ነው ብሎ የተሰለፈበት ዘርፍ ራሱ ሰልፉ ይረዝምና አስተማማኝነቱ ያልቃል። ስለዚህ ልጆቹ የመረጡትን ዘርፍ ገና ከስሙ አንጥላው። መመርመር ያለበት ትምህርቱ የሚሰጥበት ቦታ ነው።

ውጭ አገር ያሉ ለጋሾቻችን «አሶሼት ዲግሪ ነው?» እያሉ ይጠይቁናል። አሜሪካን አገር በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ገደማ፣ 60 ክሬዲት ያህል ተምሮ የሚገኘው ማለታቸው ነው። እኛ አገር በዚያ ስም የሚሰጥ የለም። ድሮ ዲፕሎማ የምንለው ነበር፤ ከዚያ 10+1፣ 10+2፣ 10+3 መጣ፤ አሁን ደግሞ የቴክኒክና ሙያ ስልጠናው በደረጃ ተከፍሏል። ለአሶሼት ዲግሪ የሚቀርበው ደረጃ 4 ነው ብትሉ ብዙም አትሳሳቱም። ጋዜጠኝነትም ቢሆን ከዲፕሎማ ጀምሮ የመጣ ትምህርት ነው። አዲስ አበባ የነበረው የማስ ሚዲያ ማሰልጠኛ ተቋም በ1980ዎቹ መጨረሻ ተከፍቶ በዲፕሎማ ያሰለጥን ነበር፤ በኋላ ነው ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገባው። ከዚያ በፊት የነበሩት ደግሞ ሥራውን በሥራ ላይ ነው የተማሩት። በኢትዮጵያ ሬዲዮ ድምፃቸው ከተሰማ ቀደምት ሴቶች አንዷ ሮማነወርቅ ካሣሁን ማይክሮፎኑ ፊት ሲቀመጡ የጋዜጠኝነት ኮሌጅ የሚባል ነገር በአገሩ አልነበረም።

«ታዲያ ዲግሪውን ለምን አይማሩም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደጃችን ላይ የጋዜጠኝነትና ኮሙዩኒኬሽን ትምህርት አለው፤ ባሕር ዳርም አለ፤ አዲስ አበባም አለ። ግን በሩ ጠቧል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በአዲሱ አሰራር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ከተፈታኙ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበር። ቤታችን ቁጭ ያሉት ልጆች ሰነፎች ስለሆኑ ብቻ አይደለም የቀሩት። ከመቶ ዘጠና አምስት የሚሆነውን ልጅ ሰነፍ ልንለው አንችልም፤ ያውም ጦርነትና ስደት ትምህርቱን ባቋረጠበት በእኛ አካባቢ። የአምስቱ አመልካቾች ነገርም ይኸው ነው። አንዷ ሪሚዲያል ሞክራ አልሆነላትም፣ ሌሎቹ በቀጥታ ወደ ሙያ ስልጠና ነው ያሰቡት። ስለዚህ የምናወራው ስለ ደረጃ ስልጠና ነው።

እንግዲህ ኮሌጅ ከመምረጣችን በፊት ልጅቷ ተመርቃ የት እንደምትሠራ ለማየት ሞከርን። ሁላችንም «ሚዲያ» ሲባል ዜና አንባቢዋ ናት ዓይናችን ላይ የምትመጣው፤ ጸጉሯ የተሠራ፣ ኮት የለበሰች። በደሴ ያ ወንበር ስንት ነው? አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ደሴ ላይ የኤፍኤም ጣቢያ አለው፤ ፋናም አለው። ከዚያ በኋላ ቁጠሩ ብትባሉ ጣታችሁ አይሞላም። ወንበሩ ሲከፈትም ብዙ ጊዜ ዲግሪ ይጠየቅበታል።

ግን ከዜና ወንበሩ ጀርባ ያለውን ስንቆጥር ሌላ ነገር አየን። ዞኑ፣ ሁለቱ ከተሞች፣ እያንዳንዱ ወረዳ የኮሙዩኒኬሽን ጽሕፈት ቤት አላቸው፤ ካሜራ ተሸክሞ የስብሰባውን ፎቶና ቪዲዮ የሚያነሳ፣ በፌስቡክ ገጻቸው የሚለጥፍ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሎቹ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል አላቸው። ኮምቦልቻ ፋብሪካውም ኢንዱስትሪ ፓርኩም እዚያ ነው፤ ድርጅት ባለበት ምርት የሚያስተዋውቅ ሰው ይፈለጋል። እርዳታ ድርጅቶች በየፕሮጀክታቸው መጨረሻ አጭር ቪዲዮ ያሠራሉ። የማስታወቂያና የሕትመት ቤቶች አሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰርግ አለ።

ሰርግ ስንል አትሳቁ። በሂሳብ እንየው። በሌላ አገር የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ጥር ላይ ይሠራል፣ ከፋሲካ በኋላ ይሠራል፣ ሌላውን ወር ይቀመጣል። ወሎ ግን ወሎ ነው። ክርስቲያኑ በጾም ሰርግ ሲያቆም ሙስሊሙ ይድራል፤ በረመዳን ሙስሊሙ ሲያቆም የክርስቲያኑ ጾም ካልገጠመ በስተቀር ያኛው አለ፤ ከኢድ በኋላ ደግሞ እንደገና ይሟሟቃል። በሁለቱም ቤት እንደ ቤተኛ የምትገባ፣ ኒካሁም ተክሊሉም ላይ የት መቆም እንዳለባት የምታውቅ ልጅ ገበያዋ ሰፊ ነው። የሴቶቹ ክፍል ውስጥ ገብቶ መቅረጽ ለወንድ ካሜራማን የሚከብድበት ቤት ብዙ እንደሆነም ታውቃላችሁ። እዚያ ላይ ሴት ባለሙያ የሚጠይቁ ቤተሰቦች እንዳሉ ሦስት የቪዲዮ ቤቶች ነግረውናል። «ሴት ብታመጡልን እኛም እንቀጥራለን» ነው ያሉን።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንጠይቅ ያገኘነው ነው። ከአመልካቾቹ አንዷ የከሚሴ ልጅ ናት፤ አማርኛውንም አፋን ኦሮሞውንም እኩል ትናገራለች። ይህን በማመልከቻዋ ላይ አልጻፈችውም፣ ለእሷ ቁም ነገር ስላልመሰላት። አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ከአማርኛ ሌላ በአፋን ኦሮሞ፣ በኽምጣናና በአዊኛ ያሰራጫል። ሁለት ቋንቋ ያላት ልጅ በሚዲያ ዓለም ሁለት እጅ ያላት ያህል ናት። ከባቲም ከከሚሴም ያላችሁ እናቶች ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩልን።

እንግዲህ ሥራው በአብዛኛው ካሜራ፣ ድምፅ፣ ኤዲቲንግና ጽሑፍ ከሆነ፣ ኮሌጁም በዚያ ነው የሚመዘነው። ይህን ይዘን ከደሴ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስንወጣና ስንወርድ ሰነበትን። የሄድንባቸውን ስልጠና ሰጪዎች ስም እዚህ አንጠራም። የስልጠና ክፍሎቻቸው በየዓመቱ ይለዋወጣሉ፣ የዛሬው ነቀፋችን ነገ ላሻሻለ ሰው በደል ይሆናል። ያየነውን ግን እንናገራለን።

በአንዱ ቦታ በጥሩ ወረቀት የታተመ ማስታወቂያ ሰጡን። ማስታወቂያው ላይ ትልቅ ስቱዲዮ፣ መብራት፣ ሦስት ካሜራ፣ ጆሮ ማዳመጫ ያደረገች ልጅ ይታያል። ስቱዲዮውን አሳዩን አልን። ፎቶው ከኢንተርኔት የተወሰደ መሆኑን ጸሐፊዋ ራሷ በቅንነት ነገረችን። በሌላ ቦታ ደግሞ ግድግዳው በእንቁላል መያዣ ካርቶን የተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡን። እንቁላል መያዣው አስቆን ነበር። ግን አሰልጣኙ «ድምፅ እንዳያስተጋባ ትንሽም ቢሆን ያግዛል፣ ፎም እስክንገዛ ነው» ብሎ አስረዳን፤ ሁለት ልጆች እዚያው ቁጭ ብለው ስለ ሰኞ ገበያ የሽንኩርት ዋጋ የቀዱትን ድምፅ ይቆርጣሉ። ሽንኩርቷን የምትሸጠው ሴትዮ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ልጄ ብትሆን የት ላስገባት ብለን ስንጠያየቅ ሦስታችንም እንቁላል መያዣው ጋ አልን።

አሁን ወደ ደቂቃው እንምጣ። በአንድ ክፍል 40 ሰልጣኝ አለ እንበል፤ የሚሠራ ካሜራ 2። የካሜራ ተግባር ልምምድ በሳምንት 4 ሰዓት። ሁለት ካሜራ በአራት ሰዓት፣ ስምንት የካሜራ ሰዓት ነው፤ በደቂቃ 480። ለ40 ሲካፈል ለአንዷ ልጅ 12 ደቂቃ ይደርሳታል። 16 ሳምንት ብትማር 192 ደቂቃ፤ ሦስት ሰዓት ከ12 ደቂቃ መሆኑ ነው። እናቶቻችን፣ አንዲት ልጅ በሦስት ሰዓት እንጀራ መጋገር ትለምዳለች? ሃያ ልጅ አንድ ምጣድ ከብባ ቆማ፣ አንዷ ስታሰፋ ሌሎቹ ቢያዩ፣ የማየቱ ነገር ጋጋሪ ያደርጋል? ዓይኑ እንኳ አይወጣላትም። ለቴክኒክና ሙያ ስልጠና ሁልጊዜ ሲነገር የምንሰማው 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ነው። ወረቀቱ ላይ 70 በመቶ ተግባር ተብሎ ካሜራው ሁለት ከሆነ ተግባሩን የሚሠሩት ሁለት ልጆች ናቸው፤ ሠላሳ ስምንቱ ተመልካች ናቸው።

ስለዚህ ኮሌጅ ስትሄዱ «ካሜራ አላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም አለን ይላል። «ዛሬ የሚሠራው ስንት ነው? ስንት ልጅ ይጋራዋል? ቅዳሜ ልጄ ብትመጣ ትወስደዋለች?» በሉ። ኮምፒውተሩን አስከፍቱ፤ የኤዲቲንግ ፕሮግራሙን አስነሱ፤ ተከፍቶ እስኪያልቅ ቡና የሚፈላ ከሆነ ማሽኑ ለጽሕፈት የተገዛ ነው ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ። ካሜራና ኮምፒውተር ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት የተገዛ ካሜራ የተሰበረበት ኮሌጅ ዛሬ በቀላሉ አይተካውም። ይህ የኮሌጁ ጥፋት አይደለም፣ የእኛ ብድር ግን የተሰበረ ካሜራ መክፈል የለበትም።

የኢንተርኔቱም ጉዳይ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም የኖርነው ነው። «ዲጂታል ሚዲያ» የሚባል ትምህርት በዚያ ጊዜ ምን ይሆናል? አንዱ አሰልጣኝ የሰጠን መልስ ወደድነው። የትምህርት ቪዲዮዎቹን በሃርድ ዲስክ ይዟል፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭንና ኦዳሲቲን፣ በነጻ የሚገኙትን ፕሮግራሞች፣ በፍላሽ ለልጆቹ ያድላል፤ ኔትወርክ ባይኖርም መቁረጥና መቀጠል፣ ድምፅ ማጽዳት፣ ጽሑፍ ማዘጋጀት ይቻላል። ሌላው ቦታ ግን «ኔት ሲመጣ እንማራለን» ነው ያሉን። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ከተሞቻችን ሲደርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር ተዘርፎ እንደነበር አትረሱም፤ ከዚያ በኋላ ከባዶ ክፍል ተነስተው ዛሬ የቆሙ ሁሉ ሊመሰገኑ ይገባል። ግን ምስጋና ሌላ፣ ምዝገባ ሌላ።

የሂሳብ ሰው ስለሆንን ገንዘቡን አንዝለለው። የምንጠራው ቁጥር ለማስላት እንዲመች ብቻ ነው፣ እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት። የወር ክፍያው 1,500 ብር ቢሆን፣ በዓመት 10 ወር፣ 15,000 ብር ነው። በሁለት ዓመት 30,000። ማመልከቻዎቹ ላይ የተጻፈው ይህ ብቻ ነው። ደሴ የምትኖር ልጅ ኮምቦልቻ ብትመዘገብ ግን የመኪናው አለ። በአንድ ጉዞ 60 ብር ብንል፣ ደርሶ መልስ 120፤ በወር 20 ቀን፣ 2,400 ብር። በዓመት 24,000፣ በሁለት ዓመት 48,000። አያችሁ፣ ከትምህርቱ ክፍያ መኪናው በለጠ። ከዚያ የካርድ፣ የሜሞሪ፣ የፍላሽ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የምዘና ክፍያ አለ። ስለዚህ ኮምቦልቻ ያለው ኮሌጅ በወር 300 ብር ስለቀነሰ ብቻ «ርካሽ ነው» አይባልም፤ ለኮምቦልቻ ልጅ ርካሽ፣ ለደሴ ልጅ ውድ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባን ደግሞ አስቡት። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቤት ኪራይና ምግብ ብቻ በወር 7,000 ብር ቢሆን፣ አንድ ሳንቲም ለኮሌጅ ሳይከፈል በሁለት ዓመት 140,000 ብር ይወጣል። መንገዱ ሲዘጋ ልጅቷ እዚያ፣ እናቷ እዚህ የምትቀርበትን ጭንቀት በብር አላሰላነውም።

በኮሚቴው ውስጥ አዲስ አበባን በሚመለከት ተከራክረናል፣ አንደብቃችሁም። አንዳችን «ጣቢያዎቹ ሁሉ እዚያ ናቸው፣ እዚያ ካልተማረች ማንም አያያትም» አለች። እውነትነት አለው። ሁለታችን ግን በደረጃ ስልጠና ዘመኗ እዚሁ ብትማር፣ ሥራ ሠርታ ቢያንስ የሚታይ ነገር በእጇ ይዛ ብትሄድ ይሻላል አልን። ጣቢያ የሚቀጥረው ሰው «ምን ሠርተሻል፣ አሳዪኝ» ነው የሚለው። የሽንኩርት ሻጯ ድምፅ የተቀዳበት አምስት ደቂቃ ፕሮግራም ያላት ልጅ የሚታይ ነገር አላት።

መንግሥታዊዎቹን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ደሴ ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ አለ፤ በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው፤ ኮምቦልቻም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ። የሚቀበሉባቸውን ዘርፎች በየዓመቱ በማስታወቂያ ያወጣሉ። ልጅቷ የምትፈልገው ዘርፍ ዘንድሮ ባይወጣ እንኳ አይቲ ወይም ኤሌክትሮኒክስ ተምራ ኤዲቲንጉን በአጭር ስልጠና መጨመር ትችላለች። ድምፅና መብራት የሚያውቅ ኤሌክትሮኒክስ የተማረ ሰው በጣቢያም በሰርግ ቤትም ይፈለጋል። ይህ መንገድ ማስታወቂያ ስለሌለው ነው እንጂ መጥፎ መንገድ አይደለም።

የግል ከሆነ ደግሞ ፈቃዱን ሳታዩ አንድ ብር አትክፈሉ። ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም አይደለም፤ ለዘርፉ፣ ለደረጃው፣ ለሚያስተምርበት ግቢ ነው፤ ማብቂያ ቀንም አለው። የአንዲት አባላችን ልጅ፣ ዘርፉ ሌላ ነበር፣ ደረጃ 4 ብላ ተመዝግባ ሁለተኛ ዓመቷ ላይ ነው ኮሌጁ ፈቃድ ያለው እስከ ደረጃ 2 ድረስ ብቻ መሆኑ የታወቀው። ብሩ አልተመለሰም፤ ዓመቱም አልተመለሰም። እናቷ ብድሩን ከፍላ ጨርሳለች፣ ልጅቷ ግን እንደገና ከመጀመሪያ ጀምራለች። ወረቀቱን በዓይናችሁ እዩ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ወደ ሥራና ስልጠና ጽሕፈት ቤት ወስዳችሁ «ይህ ዛሬ ይሠራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛም አብረን እንሄዳለን። ኮሌጁ ፎቶ አይነሳም ካለ እዚያው መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ከዚያ ሲኦሲ አለ፤ የሙያ ብቃት ምዘናው። የኮሌጁ ሰርተፍኬት ያለ ሲኦሲ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ ይቆማል። ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለው፤ ያቺ ሦስት ሰዓት ካሜራ የያዘች ልጅ የምትወድቀው ተግባሩ ላይ ነው። ኮሌጁን «ባለፈው ዓመት ስንት ልካችሁ ስንት አለፈ?» በሉት። ቁጥሩን በቃሉ የማያውቅ ኃላፊ አስፈርቶናል። ከተመራቂዎች ሦስቱን ደግሞ ራሳችሁ ፈልጉ፤ ኮሌጁ የሚሰጣችሁ ስልክ የጎበዟ ልጅ ስልክ ነው።

ሴት ልጅ እንደምንልክ አንርሳ። ይህ ሥራ እንደ ቢሮ ሥራ በ11 ሰዓት አያልቅም። ሰርግ ማታ ነው፤ ኤዲቲንግ ሌሊት ነው፤ ለልምምድ የምትወጣበት ስቱዲዮ ጠባብና በሩ ዝግ ነው። ትብብር ስልጠና ብለው ወደ ድርጅት ሲልኳት ማን ጋ እንደምትቀመጥ፣ ማን እየመጣ እንደሚያያት፣ አንድ ነገር ቢገጥማት ለማን እንደምትናገር ጠይቁ። ባለጌ ጥያቄ አይደለም። አንድ ኮሌጅ ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ነው የሚልከው፤ ለማታ ሥራ የቤተሰብ ስልክ ይዞ ነው፤ ይህን ሲነግሩን ከካሜራው ቁጥር እኩል ጻፍነው። የማታ ክፍለ ጊዜ ብትመዘገብ ደግሞ የመጨረሻው ሚኒባስ ከኮምቦልቻ የሚወጣበትን ሰዓት ከመዝጋቢው ሳይሆን ከመናኸሪያው ጠይቁ። የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሙያ ሴቶች ማህበር የሚባል አለ፤ ልጆቻችን እዚያ ያሉ ታላላቆቻቸውን እንዲያውቁ ደብዳቤ ለመጻፍ አስበናል።

ሕጉንም ያስተምሩ እንደሆነ ጠይቁ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 አለ፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 አለ። በዚህ ወቅት መንገድ ላይ ካሜራ የምታነሳ ልጅ የት መቅረጽ እንደሚፈቀድ፣ የማንን ፊት ሳታስፈቅድ መለጠፍ እንደማትችል ሳታውቅ ከወጣች እሷንም እኛንም ችግር ላይ ትጥላለች። ይህን በአንድ ከሰዓት ማስተማር ይቻላል። የሚያስተምር ግን ያገኘነው ከስንት አንድ ነው።

ዩቲዩብ ከፍታ ራሷ ብትሠራስ ያላችሁም ነበራችሁ። ማንም አይከለክላትም፤ ሰርተፍኬትም አይጠይቁም። ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ግን በዋናው መስፈርት 1,000 ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ይፈልጋሉ። በዚያ ተስፋ ላይ ብድር መስጠት አንችልም፤ መክፈያ ቀኑ ከተከታዮቿ ቀድሞ ይደርሳል። ቢሆንም ስልኳን ይዛ ከአሁኑ ትጀምር፣ ምክንያቱም የኮሚቴው ሐሳብ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሐሳባችን እንዲህ ነው። አምስቱም ልጆች ከምዝገባ በፊት ባላቸው ስልክ፣ ስልክ የሌላት ደግሞ በማህበሩ ስልክ፣ ሦስት አጫጭር ሥራ ሠርተው ያምጡ። ስለምን? ስለፈለጉት። አንዷ ስለ እናቷ ጉልት፣ አንዷ ስለ ቦርከና ወንዝ ቆሻሻ ብትሠራ ደስ ይለናል። ጥራቱን አንፈርድም፤ አንፈርድበትም፤ አናውቅምና። ሠርታ መጨረሷን ግን እናያለን። ሦስቱን ሳትጨርስ የተሰላቸች ልጅ ሁለት ዓመት ብድር ሳትሸከም ራሷን አወቀች፣ ይህም ትርፍ ነው። ጨርሳ የመጣችውን ከእናቷ ጋር ሆነን ኮሌጆቹን እናዞራታለን። ማሽኑ ላይ የምትቀመጠው፣ ካሜራውን አንስታ የምትሞክረው እሷ ናት። ዘንድሮ እንዳደረግነው እናት ጠይቃ፣ ልጅ ኮሪደር ላይ አትቆምም።

ብድሩ ደግሞ የሁለት ዓመቱ በአንድ ጊዜ አይለቀቅም። በየመንፈቁ፣ በቀጥታ ለኮሌጁ፣ በደረሰኝ ይከፈላል። የመጓጓዣው ለብቻው ለልጅቷ ይሰጣል፣ ምክንያቱም ልጆች ትምህርት ሲያቋርጡ ያየነው ብዙ ጊዜ በክፍያ ሳይሆን በመኪና ብር ነው። ሁለተኛው መንፈቅ ከመከፈሉ በፊት ልጅቷ አንድ ደብተር ታመጣለች፤ በየቀኑ ካሜራው ወይም ኮምፒውተሩ ለስንት ደቂቃ እጇ ላይ እንደነበረ የጻፈችበት። በሳምንት 12 ደቂቃ ሆኖ ከተገኘ ኮሌጁን እኛ እናነጋግራለን። ኮሌጁ ካላስተካከለ ልጅቷን ወደሌላ እናዛውራለን፣ ብሩ ገና በእጃችን ነውና።

ለጋሾቻችን ለዚህ ፈንድ ካሜራ እንላክ ብላችኋል፤ እናመሰግናለን። ብንመርጥ ግን አንድ ትልቅ ካሜራ ከምትልኩ ሁለት ትናንሽ ካሜራ፣ ሁለት ትራይፖድና ደረት ላይ የሚሰኩ ጥቂት ማይኮች ይበጁናል። በማህበሩ ቢሮ ተቀምጠው ልጆቹ በፊርማ ተውሰው ቅዳሜና እሁድ ይለማመዱባቸዋል። ከማህበሩ አንድም ልጅ ሳትመዘገብ የሚጀምር ነገር ስለሆነ የኮሌጁን ጥሩነት አይጠብቅም።

አሁን ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ጥያቄ እንቀበላለን። ባለፈው ስለ ነርስ የጠየቁን እናት እጃቸውን እያወጡ ነው፤ ከእሳቸው እንጀምር።